ባለቤቴ ከባድ ቃላት ይሸመድዳል፤ ሳርመው ይከፋዋል

የአንባቢ ደብዳቤ

እንደምን ነዎት? ይህን ዓምድ ማንበብ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ዛሬ ግን እኔው ባለጉዳይ ሆኜ መጣሁ።

የምኖረው ሻርጃ ነው። ወደ ኤምሬትስ የመጣሁት በቤት ሠራተኝነት ነበር። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከአሥረኛ ክፍል ነው። አሠሪዎቼ ቤት ውስጥ የሚነጋገሩት በእንግሊዝኛ ነበር። ልጆቹን ስይዝ፣ ማታ ማታ ተረት ሳነብላቸው ቋንቋውን ሳይታወቀኝ ለመድኩት። አሁን አንድ ክሊኒክ ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነኝ።

ባለቤቴ ፓኪስታናዊ ነው፤ የጉጅራንዋላ ልጅ። በንግድ ሥራ ዲግሪ አለው፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ጨዋ ሰው ነው፣ ያከብረኛል። ካናዳ ለመሄድ አስበን አይኤልትስ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ተፈተነ። ማዳመጥ 8፣ ማንበብ 7፣ ንግግር 7 አመጣ። ጽሑፍ ግን 6። እንደገና ከፍሎ ተፈተነ። አሁንም ጽሑፍ 6።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን የቃላት መጋዘን ሆኗል። የኡርዱ ፍቺ ያለው ወፍራም የእንግሊዝኛ ቃላት መጽሐፍ ገዛ። በቀን ሠላሳ ቃል ይሸመድዳል። ፍሪጁ ላይ ወረቀት፣ መስታወቱ ላይ ወረቀት። ለልምምድ የጻፈውን ሳነበው ግማሹ አይገባኝም። አንድ ቀን "ልጅ ለወለደ ጓደኛህ ደብዳቤ ጻፍ" የሚል ጥያቄ ሲሠራ "ፕሮፋውንድ ፌሊሲቴሽንስ" ብሎ ጀመረ፤ ጥልቅ የደስታ መግለጫ እንደማለት። ሳቄ አመለጠኝ። ፊቱ ተለዋወጠ።

የባሰው የዒድ ዕለት ነው። ወንድሙና የወንድሙ ሚስት ቤታችን መጥተው ነበር። እኔ እንዲገባኝ ብለው በእንግሊዝኛ ነው የሚያወሩት። ባለቤቴ ስለ ፈተናው ሲናገር "አይ ጌቭ ማይ ኤግዛም"፣ ፈተናዬን ሰጠሁ አለ። እኔም ሳላስበው "ቱክ፣ ወሰድኩ ነው የሚባለው" አልኩት። ቤቱ ጸጥ አለ። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ "አሥረኛ ክፍል ያልጨረሰች ሴት ልታስተምረኝ ነው?" አለኝ። በማግስቱ ይቅርታ ጠይቆኛል። ደብተሩን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ይደብቀዋል።

ከሁለት ወር በኋላ ሊፈተን አስቧል። ገንዘቡ ቀላል አይደለም። ዝም ልበል ወይስ ላግዘው? ካገዝኩትስ እንዴት ነው ሳላስቀይመው? ደግሞስ ያ ሁሉ ቃል ይጠቅመዋል?

ግራ የገባኝ፣ ከሻርጃ

መልስ

እህቴ፣ ስለጻፍሽልኝ አመሰግናለሁ። ብዙ ነገር በአንድ ገጽ ነው የነገርሽኝ፤ ከሚያመው ልጀምር።

"አሥረኛ ክፍል ያልጨረሰች" ያለሽን በሁለት መስመር ነው ያለፍሽው። ይቅርታ ጠይቆኛል ብለሽም ዘጋሽው። ግን ጽፈሽዋል፤ ስለዚህ ገና አልወጣልሽም። እስቲ ራስሽን ጠይቂ። ያመመሽ ትምህርትሽን ማንሳቱ ነው? ወይስ ሰው ቤት እየሠራሽ፣ ደክሞሽ እያለ በራስሽ ያገኘሽውን እንግሊዝኛ ከምንም አለመቁጠሩ? ሁለቱ አንድ አይደሉም። የትኛው እንደሆነ ለራስሽ ከታወቀሽ ለእሱም በአንድ ዓረፍተ ነገር ልትነግሪው ትችያለሽ። ሳትነግሪው የምታግዢው ከሆነ ግን እርማትሽ ውስጥ ያ ቂም ትንሽ ትንሽ መግባቱ አይቀርም። ሳቅሽ ውስጥም እንደዚሁ።

አሁን ወደ እሱ ልሂድ። እሱን ለመከላከል አይደለም፤ ያ ንግግር ልክ አልነበረም። ግን ከየት እንደመጣ ብታውቂ የሚረዳሽ ይመስለኛል።

ፓኪስታን ውስጥ ሰውን በትምህርት ቤቱ የሚለዩበት አነጋገር አለ፤ "እንግሊሽ ሚድየም" እና "ኡርዱ ሚድየም"። አቅም ያለው ቤተሰብ ልጁን ከሕፃንነቱ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ያስተምራል። የመንግሥት ትምህርት ቤት የገባው ብዙ ጊዜ በኡርዱ ይማርና፣ ኮሌጅ ሲገባ ወይም ሥራ ሲፈልግ እንግሊዝኛው በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። "እሱ እኮ ኡርዱ ሚድየም ነው" ማለት እንደ ስድብ የሚወሰድበት ጊዜ ብዙ ነው። የአገሪቱ የ1973 ሕገ መንግሥት ኡርዱ በ15 ዓመት ውስጥ የመንግሥት ሥራ ቋንቋ እንዲሆን ዝግጅት ይደረግ ብሎ ነበር። በ2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይኸው ይፈጸም ብሎ አዘዘ። ዛሬም ግን ከፍተኛውን የመንግሥት ሹመት ለማግኘት የሚሰጠው ፈተና በእንግሊዝኛ ነው። እኛም አገር የግልና የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች ሲገናኙ የሚፈጠረውን ታውቂው የለ? እዚያ ይብሳል።

ሌላም አለ። ጉጅራንዋላ ፑንጃብ ውስጥ ነች። በ2017ቱ የፓኪስታን ቆጠራ ኡርዱ አፍ መፍቻዬ ነው ያለው ሕዝብ 7 በመቶ አካባቢ ብቻ ነበር፤ ፑንጃቢ ያለው ግን ወደ 39 በመቶ ይጠጋል። ስለዚህ ባለቤትሽ ከእናቱ ጋር የሚያወራው በፑንጃቢ ሊሆን ይችላል። ከሆነ ኡርዱ ሁለተኛው፣ እንግሊዝኛ ሦስተኛው ቋንቋው ነው። የተማረው በየትኛው ነው? ሲሳሳት መምህሩ ምን ያደርገው ነበር? ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? ለማረም ሳይሆን ለማወቅ ብለሽ ጠይቂው። እኔ ብሆን ከሁሉ በፊት የማደርገው ይህን ነው።

ያ "ፕሮፋውንድ ፌሊሲቴሽንስ" ደግሞ ለእኔ ጉራ አልመሰለኝም። በኡርዱ ከባድ ቃል የክብር ምልክት ነው። ተራውን ነገር በአገርኛው ቃል መናገር ይቻላል፤ ለትልቅ ሰው ሲሆን ግን ከፋርስኛና ከዓረብኛ የመጣው ቃል ይወጣል። እንግዳን "ቁጭ በል" ለማለት ቀላል ግሥ አለ። የሚከበረውን ሰው ግን "ተሽሪፍ ረኪዬ" ይሉታል፤ ክብርዎን እዚህ ያሳርፉ እንደማለት ነው። እንዲህ ያለ ቋንቋ ውስጥ ያደገ ሰው ለጓደኛው የደስታ ደብዳቤ ሲጽፍ ቀላሉን ቃል ቢንቅ አይገርምም። እኛም ስብሰባ ላይ ስንቆም ግዕዝ ቀመስ የምንሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ችግሩ እንግሊዝኛ በዚህ በኩል አይሠራም። ለቅርብ ወዳጅ የሚጻፍ ደብዳቤ ላይ ከባድ ቃል ርቀት ይፈጥራል። ለስደት የሚሰጠው ጄኔራል ፈተና ላይ ደግሞ የደብዳቤው ቃና ራሱ ነጥብ ይይዛል። "ስለ ልጁ ስሰማ በጣም ደስ አለኝ" የሚል ቀላል ዓረፍተ ነገር የእሱን ይበልጠዋል። ይህን ስትነግሪው "ቃሉ ስህተት ነው" አትበዪው። ቃሉ ስህተት የለበትም፤ የተላከው ለማይሆን ሰው ነው።

እንግዲህ ቃላቱ ይጠቅሙታል ወይ ላልሽው። በከፊል፤ ግን እሱ በያዘው መንገድ አይመስለኝም።

ለጽሑፍ የሚሰጠው ነጥብ ከአራት ነገር ነው የሚመጣው፤ እኩል እኩል። ጥያቄውን በትክክል መመለስ፣ ሐሳቡ ተያይዞ መፍሰሱ፣ ቃላት፣ ሰዋስው። ቃላት አንድ አራተኛ ብቻ ናቸው። የውጤት ወረቀቱ ላይ የሚወጣው ግን አንድ ድምር ቁጥር ስለሆነ የትኛው እንደጎተተው አይታወቅም። ባለቤትሽ ቃላት ናቸው ብሎ ደምድሟል። ምን አሳወቀው? ማንበብ ላይ 7 ያመጣ ሰው እኮ ብዙ ሺህ ቃል ያውቃል። ምናልባት የሚጎድለው አንቀጽ ማያያዝ ነው። ምናልባት በ40 ደቂቃ ውስጥ 250 ቃል ያለው ጽሑፍ መጨረስ ያቅተዋል። ስለዚህ ሌላ የቃላት መጽሐፍ ከመግዛቱ በፊት ሰዓት ይዞ ሁለት ጽሑፍ ይጻፍና ፈተናውን በደንብ ለሚያውቅ አስተማሪ ይስጥ። አስተማሪው በአራቱም መለኪያ ለየብቻ ነጥብ ይስጠው። ይህን ሥራ አንቺ አትሥሪው። እንግሊዝኛሽ ጥሩ ቢሆንም ሚስቱ ነሽ።

ቃላት ነው ችግሩ ከተባለም ፈተናው በይፋ ያወጣውን መለኪያ አብራችሁ ተመልከቱት። 6 የሚሰጠው በግርድፉ ለጉዳዩ የሚበቃ ቃል ላለው፣ ብዙ የማይሰሙ ቃላትንም ለመጠቀም እየሞከረ ለሚሳሳት ሰው ነው። 7 ላይ የሚፈለገው ቃል ከቃል ጋር እንዴት እንደሚሄድና የትኛው ቃል ለየትኛው ቃና እንደሚሆን ማወቅ ነው። አየሽ፣ ባለቤትሽ አሁን የሚሠራው በቀጥታ የ6ን መግለጫ ነው። በቀን ሠላሳ ቃል ቢሸመድድ መሞከሩ ይጨምራል፤ ስህተቱም አብሮት ይጨምራል። ፈታኞች በየቀኑ የሚያዩት "ፕሌቶራ" የሚባል ቃል አለ። ሸምዳጆች "ብዙ" ለማለት ይወዱታል። ቃሉ ግን ከሚያስፈልገው በላይ የበዛ የሚል ጥላ አለው፤ ዝርዝሩ ላይ ይህ ጥላ አይጻፍም።

እስቲ ስለ ዝናብ እናስብ። እኛ ኃይለኛ ዝናብ እንላለን። በኡርዱ "ቴዝ ባሪሽ" ነው፤ ቴዝ ማለት ፈጣን፣ ስለታም እንደማለት ነው። እንግሊዝኛ ሁለቱንም ትቶ "ሄቪ ሬይን"፣ ከባድ ዝናብ ይላል። ትራፊክ ሲበዛም ሄቪ፣ ሲጋራ አብዝቶ የሚያጨስም ሄቪ። "ሄቪ" የሚለውን ቃል የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ያውቀዋል። ከማን ጋር እንደሚሄድ ማወቅ ግን ከፍተኛ ደረጃ ነው። ባለቤትሽ ከባድ ቃል ፍለጋ ሲወጣ የረሳው "ከባድ" የሚለውን ቃል ራሱን ነው ብትዪው ይስቅ ይሆን? አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ከሳቀ ንገሪው።

የዒዱ ስህተትም ከዚሁ ነው። በኡርዱ ተማሪ ፈተና "ይሰጣል"፤ "ኢምቲሃን ዴና" ነው የሚሉት። ስለዚህ "ጌቭ" ያለው ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ፓኪስታንና ሕንድ ውስጥ እንግሊዝኛ አሳምሮ የሚናገር ሰውም እንዲሁ ይላል፤ እዚያ ማንም አያርመውም። ወንድሙም የሰማው እንደ ስህተት ላይሆን ይችላል። አንቺ ስታርሚው ግን ወንድሙ ፊት የወደቀው ግሡ ብቻ አልነበረም። በነገራችን ላይ አንቺም ከዚህ አታመልጪም። ሕልም በአማርኛ እናያለን። በኡርዱም ሕልም ይታያል። እንግሊዞቹ ግን ሕልም "አለኝ" ነው የሚሉት። አማርኛም ኡርዱም ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣሉ። ሁለታችሁም እንግሊዝኛ ስትናገሩ ጭንቅላታችሁ ውስጥ ዓረፍተ ነገሩን ትገለብጡታላችሁ። ልዩነቱ አንቺ በጆሮሽ፣ ከልጆች ተረት ለመድሽው። ሐረጉ ሙሉውን ነው የገባልሽ። እሱ ቃሉን ለብቻው፣ ከፍቺው ጋር ነው የተቀበለው።

ይህ ደብተሩ ላይ አንድ ለውጥ ይጠይቃል። አንድ ቃል ከአንድ ፍቺ ጋር መጻፍ ይቅር። ሙሉ ሐረግ ይጻፍ። ኡርዱ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚጻፍ ገጹን ለሁለት ከፍሎ የኡርዱውን ሐረግ ከቀኝ፣ የእንግሊዝኛውን ከግራ ማስቀመጥ ይችላል። ሁለቱ መሐል ላይ ሲገናኙ የት እንደሚለያዩ በዓይን ይታያል። "ፈተና ሰጠሁ" ከ"ፈተና ወሰድኩ" ፊት ለፊት ይቀመጣል። የሚለያዩትን ብቻ በቀይ ያስምር፤ የሚመሳሰሉት ላይ ጊዜ አያጥፋ።

የትኞቹን ቃላት ልምረጥ ካለ፣ ኒውዚላንድ ውስጥ አቨሪል ኮክስሄድ የምትባል ተመራማሪ በ2000 ያወጣችው ዝርዝር አለ። 570 የቃል ቤተሰቦች ናቸው፤ አንድ ግንድ ከነዘሮቹ ማለት ነው። ከአካዳሚያዊ ጽሑፍ 10 በመቶ አካባቢ የሚሆነውን ይሸፍናሉ። ዝርዝሩን ሲያየው ቅር ሊለው ይችላል፤ አብዛኛውን ያውቀዋልና። ጥሩው ነገር ይኸው ነው። ሲያነበው የሚያውቀው፣ ሲጽፍ ግን ብዕሩ ላይ የማይመጣው ቃል የትኛው ነው? እነዚያን ይምረጥ። በቀን አምስት ወይም ስድስት ይበቃል። በእያንዳንዱ ስለ ራሱ ሕይወት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ ስለ ቢሮው፣ ስለ ሻርጃ የቤት ኪራይ፣ ስለ ወንድሙ። የዓለም ሙቀት መጨመርን ለጊዜው ይተወው።

ሽምደዳውን ደግሞ አትናቂበት። ኡርዱ ተናጋሪዎች ሽምደዳን "ራታ" ይሉታል፤ ሳይገባው የሚሸመድደውን ልጅ ደግሞ "ራቱ ቶታ"፣ ሸምዳጁ በቀቀን። ይህን ስም እሱ ራሱ ቢያወጣው ትስቃላችሁ። አንቺ ብታወጪው ዒድ ይደገማል። ሲሸመድድ የሚጎዳው ሠላሳውን በአንድ ቀን አጭቆ በሳምንቱ አለመመለሱ ነው። ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ በ1885 ባሳተመው ሥራው ያጠኑት ነገር መጀመሪያ በፍጥነት፣ ከዚያ ቀስ እያለ እንደሚረሳ አሳይቷል። መፍትሔው እያራራቁ መመለስ ነው፤ ነገ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ። አንኪ የሚባል መተግበሪያ ቀኑን ራሱ ያስታውሳል። አንድሮይድ ስልክ ላይ ነፃ ነው፤ አይፎን ላይ ይከፈልበታል። ፍሪጁም ያርፋል።

አንድ ሀብት ደግሞ እጁ ላይ አለ፤ ያየው አይመስለኝም። ገልፍ ስለኖርሽ "ሙምኪን" የሚለውን ታውቂዋለሽ፤ ይቻላል፣ ይሆናል ማለት ነው። በኡርዱ ፊቱ ላይ "ና" ሲጨመር "ናሙምኪን"፣ የማይቻል ይሆናል። "ቤ" የሚለውን ፊት ላይ ሲጨምሩ ደግሞ "የሌለው" ይሆናል፤ "ጋር" በኡርዱ ቤት ማለት ነው፣ "ቤጋር" ቤት የሌለው። እንግሊዝኛም ይህንኑ ያደርጋል። "ፖሲብል" እና "ኢምፖሲብል"፤ "ሆም" እና "ሆምለስ"፣ ምንም እንኳ የኋለኛው ከኋላ ቢለጠፍም። ኡርዱ የሚናገር ሰው ቃልን እየቀጠሉ ማራባት ከልጅነቱ ያውቃል። አንድ የእንግሊዝኛ ግንድ ሲያገኝ ቤተሰቡን ሁሉ አብሮ ቢይዝ ከሠላሳ ባዕድ ቃል ይሻለዋል።

የአገሩን ዶውን ጋዜጣም ያውቀዋል ብዬ እገምታለሁ። ፓኪስታን ውስጥ ለመንግሥት ሥራ ፈተና የሚዘጋጁ ሰዎች ርዕሰ አንቀጹን እያሰመሩ ነው የሚያጠኑት። መልካም ልማድ ነው። ሲያሰምር ግን የማያውቀውን ቃል ሳይሆን፣ የሚያውቃቸው ሁለት ሦስት ቃላት ባላሰበው መንገድ አብረው የቆሙበትን ቦታ ያስምር። አንድ ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ማንበብ ሦስት ጽሑፍ አንድ አንድ ጊዜ ከማንበብ ይበልጣል፤ ይህ የእኔ እምነት ነው።

ወደ አንቺ ልመለስ። "ዝም ልበል ወይስ ላግዘው?" ብለሻል። በሁለቱ መካከል ሌላ ቦታ አለ፤ አንባቢው መሆን። አራሚ ስህተት ይፈልጋል። አንባቢ ግን "እዚህ ጋ ጠፋብኝ፣ እዚህ ጋ ደግሞ ደስ አለኝ" ይላል። የጻፈውን ሲያሳይሽ፣ ራሱ ፈቅዶ ሲያሳይሽ ማለቴ ነው፣ ያልገባሽን ቦታ በእርሳስ አስምሪ። ትክክለኛውን አትጻፊለት። አንድ ጽሑፍ ላይ አንድ ነገር ብቻ አንሺ። ሲናገር አታርሚው። ሰው ፊትማ በፍጹም፤ እሱ "ልክ ነኝ?" ብሎ ካልጠየቀሽ በቀር። ይህን ስምምነት በቃል ንገሪው፤ ዝም ብሎ እንዲገባው አትጠብቂ። ለምሳሌ እንዲህ ልትዪው ትችያለሽ፤ "የዒድ ዕለት ወንድምህ ፊት ማረሜ ልክ አልነበረም። ሁለተኛ አላደርገውም። አንተ ያልከኝም ግን አሁንም ያመኛል፤ ይህን እንግሊዝኛ ያገኘሁት በላቤ ነው።" ከዚህ በላይ አትጨምሪ። ይመልስልሽ። ዝም ካለም ለዚያ ምሽት ተዪው።

ደግሞ ከእሱ የምትማሪው ነገር ቢኖር ደስ ይለኛል። አንድ ወገን ሁልጊዜ ተማሪ ሲሆን ትዳር ይከብዳል። በጆሮ የተለመደ እንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ ስፔሊንግ ይቸግረዋል፤ አንቺስ? እሱ በዚህ ይረዳሽ ይሆናል። ወይም የኡርዱን ፊደል ያስተምርሽ። ስልክ ላይ ብዙዎቹ ኡርዱን በላቲን ፊደል ስለሚጽፉት ለአማቶችሽ መልእክት ላያስፈልግሽ ይችላል፤ የደብተሩን የቀኝ ገጽ ለማንበብ ግን ያስፈልግሻል። ሲደብረው ደግሞ ካኪ የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ ጠይቂው። ኻክ አቧራ ነው፤ ካኪ አቧራማ። ፒጃማም የእግር ልብስ ከሚለው የእነሱ ቃል ነው። እንግሊዝኛ ከእነሱ ወስዶ ለእኛም አድርሶልናል፤ የካኪ ፖስታ የምንለው እኮ ከዚያ ነው። ኡርዱ ሚድየም ተብሎ ላደገ ሰው ይህን አፉን ሞልቶ ማስረዳት ደስ ሳይለው አይቀርም።

የመጨረሻው ስለ ካናዳ ነው፤ እዚህ ላይ የሁለታችሁንም ሸክም የሚያቀል ነገር ያለ ይመስለኛል። 6 መውደቅ አይደለም። ኤክስፕረስ ኢንትሪ በሚባለው የካናዳ ስደት ማመልከቻ መንገድ ለፌዴራል ባለሙያዎች የሚጠየቀው ዝቅተኛ የቋንቋ ደረጃ በጄኔራል አይኤልትስ በአራቱም 6 ነው። እሱ አልፎታል። 7 የሚፈለገው ካናዳ አመልካቾችን የምታወዳድርበትን ነጥብ ለመጨመር ነው፤ ማዳመጥ 8፣ የቀሩት ሦስቱ 7 ሲሆኑ ነጥቡ በደንብ ከፍ ይላል፤ እሱ የጎደለው ጽሑፉ ብቻ ነው። ስለዚህ ድካሙ ከንቱ አይደለም። ግን ሌላም በር አለ። አብሮ የሚሄድ የትዳር አጋር ቋንቋ እስከ 20 ነጥብ ያስገኛል። ያቺ አጋር አንቺ ነሽ። መፈተን አስበሽ ታውቂያለሽ? ሕጉ ስለሚለዋወጥ ከካናዳ ኢሚግሬሽን ድረ ገጽ አረጋግጡ፤ ነጥቡንም እዚያው ባለው ማስያ አስሉት። የአይኤልትስ ውጤት የሚያገለግለው ለ2 ዓመት እንደሆነም አትርሱ።

አንቺም ብትፈተኚ የሚያሰጋኝን ልንገርሽ። በንግግር ከእሱ በልጠሽ ልትወጪ ትችያለሽ። ያን ጊዜ ቤታችሁ ምን ይሆናል? አሁን ባለበት ሁኔታ ሊከብደው ይችላል። በሌላ በኩል አንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ተፈታኝ ሆናችሁ ብትቀመጡ፣ አንዱ መምህር አንዱ ተማሪ መሆኑ ይቀራል። እኔ ወደዚህኛው አደላለሁ፤ ግን ሐሳቡን ያንን ንግግር ተነጋግራችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ነው ማንሳት ያለብሽ፤ በዚያው ምሽት አይደለም። "የኔ ውጤት ለሁለታችንም ይጨምራል" ብለሽ ጀምሪ።

ለሁለት ወሩ ፈተና ገና ካልተመዘገበ፣ ሁለቱ ጽሑፎች ታርመው እስኪመለሱ ክፍያውን ያቆየው። ከተመዘገበ ደግሞ ጽሑፎቹን በዚህ ሳምንት ይጻፋቸው፤ አንቺ ሰዓቱን ያዢለት፣ ሻይ አፍዪ፣ ወረቀቱን ግን ሳታነቢ በፖስታ አድርገሽ ለአስተማሪው ላኪ።